ሞተር ሲበላሽ የካፒቴኑ እጅ ለምን አይቸኩልም? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ የሚዘዋወር አንድ ጽሑፍ አለ። ከቦሌ ገና የተነሳ አውሮፕላን ሞተሩ ቢበላሽ ምን እንደሚሆን የሚተርክ ነው። ፒያሳ ቡና የምንጠጣበት ቤት ከፈረሰ ወዲህ ወደ ብሔራዊ ቲያትር ጀርባ ተዛውረናል፤ እዚያም ወሬው ይኸው ሆኗል። አንዱ ጓደኛችን ለድሬዳዋ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ ነበር። ጽሑፉን ካነበበ በኋላ «ኧረ በባቡር ይሻለኛል» ማለት ጀመረ። ባቡር መጥፎ ነው አላልኩም፤ ግን የሚሄድበት ምክንያት የተሳሳተ ከሆነ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

እኔ ፓይለት አይደለሁም። ሞተር ሲፈታና ሲገጠም አጠገቡ ቆሜ ዓመታት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከኮክፒቱ፣ ከፓይለቶቹ ክፍል፣ ይልቅ ለሞተሩ እቀርባለሁ፣ አድሎ ካለብኝም ለሞተሩ ነው።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ቦሌ ከፍታ ላይ ስለሆነ አንድ ሞተር የጠፋበት አውሮፕላን መውጣት አይችልም። ፓይለቶቹ ወዲያው ሞተሩን አጥፍተው ወዲያው ዞረው ማረፍ ሲገባቸው ጊዜ ያባክናሉ። ከሞተር እሳት ከታየ ፍንዳታ ይከተላል። ከተማው ላይ ደጋግሞ መዞር ችግር መደበቂያ ነው። ለዚህ ሁሉ ምስክሩ የ1981ዱ የባሕር ዳሩና የመጋቢት 2011ዱ የአውሮፕላን አደጋ ናቸው። ተሳፋሪ ደግሞ ምንም አይነገረውም። የመጨረሻዋ ላይ እኔም ቅሬታ አለኝ። የቀሩትን በየተራ እንያቸው።

ስለ ቦሌ ከፍታ

እውነቱ ይነገር፣ ቦሌ ከፍ ያለ ቦታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ሞተሩ የሚገፋበት ኃይል ይቀንሳል፣ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለመሸከም የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ረጅሙ ራንዌይ 3,800 ሜትር የሆነው በከንቱ አይደለም። ዛሬ ኦልድ ኤርፖርት የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ልደታ ከነበረው ከድሮው ማረፊያ ነው፤ ያ ማረፊያ ጄት ማስተናገድ ስላልቻለ ነው በ1950ዎቹ አጋማሽ ሥራው ወደ ቦሌ የዞረው።

እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም። ጠቡ የሚመጣው ይህን ነገር እሱ ብቻ ያየው ሲያስመስለው ነው። ሁለት ሞተር ያለው የመንገደኛ አውሮፕላን በእያንዳንዱ በረራ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራ ስሌት አለ። ስሌቱ የሚጀምረው አንድ ሞተር በጣም በማይመች ሰዓት፣ ማለትም ራንዌዩ ላይ ለመቆም ሲረፍድ፣ ቢጠፋስ ከሚል ጥያቄ ነው። ደንቡ ጎማው ከገባ በኋላ በቀረው አንድ ሞተር ብቻ በየ100 ሜትሩ ቢያንስ 2.4 ሜትር መውጣት አለበት ይላል። ከዚያ ላይ ደግሞ ለጥንቃቄ ተብሎ ይቀነስበትና፣ በተቀነሰው ልክ እንኳ ቢወጣ መንገዱ ላይ ካለ መሰናክል 35 ጫማ፣ ወደ 10 ሜትር ገደማ፣ ከፍ ብሎ ማለፍ ይጠበቅበታል። በሰሜን እንጦጦ አለ፣ በምሥራቅ በኩል የረር አለ። ሞተር ቢጠፋ በየት በኩል እንደሚሄዱ ፓይለቶቹ ሳይነሱ በፊት ያውቁታል። ስሌቱ አልሞላ ካለ ጭነት ይቀነሳል ወይም ነዳጅ ይቀነሳል።

ማስረጃ ለሚፈልግ፣ ዋሽንግተን ዘመድ ያለው የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ከዚህ ወደዚያ ሲኬድ አውሮፕላኑ ዱብሊን ወይም ሎሜ ቆሞ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል፤ ሲመለስ ግን በቀጥታ ይመጣል። ርቀቱ ያው ነው። ዋሽንግተን ላይ ማረፊያው ለባሕር ጠለል ስለሚቀርብ ሙሉ ነዳጅ ይዞ ይነሳል፣ ከቦሌ ግን ያን ሁሉ ይዞ አይነሳም። ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ሊጠፋ ይችላል ተብሎ የተሰላው ሞተር ነው። ሞተሩ ሳይጠፋም ዋጋው ይከፈላል ማለት ነው፤ እናንተም ዱብሊን ወንበራችሁ ላይ ተቀምጣችሁ ስትጠብቁ ከፍላችኋል።

ጸሐፊው «ሞተሩ የጠፋ ሚኒባስ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ አይወጣም» ይላል። ወንድሜ፣ ሚኒባስ ሁለት ሞተር የለውም። ቢኖረውና አንዱ ለብቻው እስከ ማዘጋጃ ቤቱ እንዲያወጣው ተብሎ ተሠርቶ፣ በዚያ ላይ ረዳቱ «የቆመ ሰው አልጭንም» የሚል ቢሆን ኖሮ ይወጣ ነበር።

ስለ መቸኮል

ዋናው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝመው።

አውሮፕላን ሲንደረደር ፓይለቶቹ አስቀድመው ያሰሉት ቪ ዋን የሚባል ፍጥነት አለ። ከዚያ በታች ችግር ከመጣ ፍሬን ይያዛል። ከዚያ ካለፈ ግን መነሳት ግድ ነው፤ የቀረው ራንዌይ ለመቆም አይበቃም። ቪ ዋን ሲባል ካፒቴኑ እጁን ከሞተር መቆጣጠሪያው ላይ ያነሳል። ሆን ብሎ ነው የሚያነሳው። እጁ እዚያው ከቆየ በድንጋጤ ወደኋላ ሊስበው ይችላላ!

አሁን ሞተሩ ከቪ ዋን በኋላ ጠፋ እንበል። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ጠፋው ሞተር ይዞራል፣ ምክንያቱም የሚገፋው በአንድ በኩል ብቻ ነው። የሚያበረው ፓይለት በእግሩ የተቃራኒውን ፔዳል ረግጦ ያቀናዋል። ፍጥነቱን ይጠብቃል። አውሮፕላኑ መውጣቱ ሲረጋገጥ ጎማው ይገባል። ከዚያስ? ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። በብዙ አየር መንገዶች አሠራር ቢያንስ 400 ጫማ፣ ወደ 120 ሜትር ገደማ፣ እስኪደረስ የሞተሩን መቆጣጠሪያ ማንም አይነካም። ከዚያ ከፍታ በላይ የሚጠብቁም አሉ።

ይህን ስናገር እዚያ ቡና ቤት የሚመጡ አንድ አዛውንት «አንተ ልጅ፣ ሞተሩ እየነደደ ታዲያ ምን ይጠብቃል?» አሉኝ። «ጋሼ፣ እየጠበቀ አይደለም፣ እያበረረ ነው» አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም። ለጸሐፊውም የሚዋጥለት አይመስለኝም፤ ስለዚህ የቸኮሉት ምን እንደገጠማቸው ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 1989 የብሪቲሽ ሚድላንድ ቦይንግ 737 ከለንደን ወደ ቤልፋስት ተነሳ። ሽቅብ እየወጣ ሳለ የግራው ሞተር ከፊት ከሚዞሩት ብሌዶች አንዱ ተሰበረ። መንቀጥቀጥ መጣ፣ ጭስ መጣ። ፓይለቶቹ የቀኙ ነው ብለው የቀኙን ቀነሱ። በአጋጣሚ መንቀጥቀጡ በረድ አለ። «ልክ ነን» ብለው ደህናውን ሞተር ጭራሽ አጠፉት። የተበላሸው ሞተር እስከ መጨረሻው ድረስ እየተጎተተ ሠራ፤ ለማረፍ ሲቃረቡ ኃይል ሲጨምሩበት ግን ሞተ። አውሮፕላኑ ከራንዌዩ ሳይደርስ ኬግዎርዝ አጠገብ አውራ ጎዳና ዳር ተከሰከሰ። ከ126 ሰው 47 ሞተ።

«ያ ድሮ ነው» የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 4 ቀን 2015 ታይፔ ላይ ያው ነገር ተደገመ። የትራንስኤዥያ ኤቲአር 72 በተነሳ በደቂቃ ውስጥ የቀኙ ሞተር ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ካፒቴኑ ሳይመረምር፣ ሁለተኛው ፓይለት ሳያረጋግጥለት፣ የግራውን ወደኋላ ሳበ። የሚሠራው የግራው ነበር። ስህተቱ የገባው ሲረፍድ ነው። አውሮፕላኑ ድልድይ ገጭቶ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ከ58 ሰው 43 አለቀ። ጸሐፊው «ወዲያው ማጥፋት» የሚለው ይህን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ እዚህ ላይ ግን የሚለቀም ነገር አልተረፈም።

ለዚህ ነው ዛሬ ሲሙሌተር በሚባለው የበረራ ማስመሰያ ላይ ያለማቋረጥ የሚለማመዱት። አንዱ እጁን መቆጣጠሪያው ላይ አድርጎ የትኛው ሞተር እንደሆነ በድምፅ ይናገራል። ሌላኛው አይቶ «አረጋግጫለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ ነው የሚነካው። ከውጭ ለሚያየው የዘገየ ይመስላል። ቦሌ የሚገኘው የአየር መንገዳችን ማሠልጠኛ እነዚህ ሲሙሌተሮች አሉት፤ ፓይለት ሞተር የሚጠፋበት እዚያ ውስጥ ነው፣ ደጋግሞ። ብዙው ፓይለት ዕድሜ ልኩን ሲበር ኖሮ እውነተኛ የሞተር መጥፋት ሳያይ ጡረታ ይወጣል።

«ወዲያው ዞሮ ማረፍ» የሚለውም እንደዚያው ነው። ዝቅ ብሎ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ በአንድ ሞተር የሚወጣ አውሮፕላን ብዙ ካጋደለ የመውጣት አቅሙ ይቀንሳል። መጀመሪያ ከፍታ፣ ከዚያ መዞር።

ስለ እሳቱ

ይቺን ቶሎ ልለፋት። ከሞተር ኋላ እየተተኮሰ የሚወጣ ነበልባል፣ ከመድፍ የማይተናነስ ድምፅ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ቃጠሎ አይደለም። ሞተሩ ውስጥ የሚገባው አየር ተዛብቶ ሲመለስ የሚፈጠር ነው፤ ባለሙያዎች ኮምፕሬሰር ስቶል ይሉታል። ማታ ሲሆን ያስፈራል፣ አልክድም። ኃይሉ ትንሽ ሲቀነስለት አብዛኛውን ጊዜ ይረጋጋል።

እውነተኛ ቃጠሎ ሲሆንም ሥርዓት አለው። ነዳጁ ይቆረጣል፣ ለእሳት ጊዜ የተሠራው እጀታ ይጎተታል፣ የማጥፊያው ጋዝ ይለቀቃል። 737 ላይ 30 ሰከንድ ተጠብቆ ካልጠፋ ሁለተኛው የማጥፊያ ጠርሙስ ይለቀቃል። ሞተሩ ከክንፉ ሥር ተንጠልጥሎ የተሠራ በመሆኑም ከተሳፋሪው ራቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ከዴንቨር የተነሳ የዩናይትድ ቦይንግ 777 ሞተሩ ተሰባብሮ፣ ሽፋኑ ረግፎ፣ እየነደደ ሲበር ተሳፋሪዎች በመስኮት ቀርጸውታል። ቪዲዮውን ያላየ ያለ አይመስለኝም። ስብርባሪው ሰው ደጅ ላይ ወደቀ። አውሮፕላኑ ግን ተመልሶ አረፈ፤ አንድም ሰው አልተጎዳም። ዴንቨር ደግሞ እንደ ቦሌ ባይሆንም ከባሕር ጠለል ከፍ ያለች ከተማ ናት።

ስለ መዞሩ

ከተማው ላይ ደጋግሞ መዞር መደበቂያ ነው የሚለውን ሳነብ ሳቄ መጣ። በጠራራ ፀሐይ ከስታዲየም እስከ ሳሪስ ያለ ሰው እያየው ምን ይደበቃል?

አንድ አውሮፕላን የሚነሳበትና የሚያርፍበት ክብደት ይለያያል። 737 ማክስ 8ን ብንወስድ እስከ 82 ቶን ገደማ ይዞ ሊነሳ ይችላል፣ ለማረፍ የተፈቀደለት ግን 69 ቶን ገደማ ነው። ልዩነቱ አብዛኛው ነዳጅ ነው። 777ና 787 ነዳጅ አየር ላይ መድፋት ይችላሉ፣ 737 አይችልም። ስለዚህ ይዞራል፣ ነዳጁን ያቃጥላል። ካስገደደ ደግሞ ከነክብደቱ ያርፋል፣ በኋላ ፍተሻ ይደረግለታል። እሳቱ አልጠፋ ካለ ማንም ነዳጅ ላቃጥል ብሎ አይዞርም። ሲዞር ካያችሁት ጊዜ አለኝ ብሎ ወስኗል ማለት ነው።

በጊዜ አጠቃቀም የአውስትራሊያውን አየር መንገድ የቃንታስን በረራ 32 የሚያህል የለም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 2010 ከሲንጋፖር የተነሳው ኤርባስ ኤ380 ገና በአራት ደቂቃው አንዱ ሞተር ፈነዳ። የተሰበረው ዲስክ ክንፉን በስቶ አለፈ፣ ሽቦዎችን ቆራረጠ። የማስጠንቀቂያ መዓት ወረደባቸው። ፓይለቶቹ ቶሎ እንረፍ አላሉም። አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ እየዞሩ ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም እያሉ በየተራ አጣሩ። ከተነሱ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሆን አረፉ። 469ኙም ሰው በሰላም ወረደ። ካረፉ በኋላ ጭራሽ አንዱ ሞተር አልጠፋም ብሎ ሰዓታት አስቆጠረ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ውኃ እያርከፈከፈበት እንኳ!

ስለ ምሳሌዎቹ

እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። ጸሐፊው የመጋቢት 1 ቀን 2011ን አደጋ የሞተር ብልሽት አድርጎ ያቀርባል። አልነበረም። ያን ቀን የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ሞተሮች ይሠሩ ነበር። የተሳሳተ መረጃ የሰጠው የአፍንጫውን አቅጣጫ ከነፋሱ አንጻር የሚለካው መሣሪያ ነው፤ ያንን ያመነው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት ገፋው። 157 ሰው አልቋል። ይህን ዓለም ሁሉ መርምሮ፣ ያ የአውሮፕላን ዓይነት፣ 737 ማክስ፣ በመላው ዓለም ከበረራ ታግዶ፣ ቦይንግ ሶፍትዌሩን ቀይሮ ያለቀ ጉዳይ ነው። የሟቾች ቤተሰቦች እዚሁ ከተማ ውስጥ አሉ፣ ጽሑፉም እጃቸው ይደርሳል። ያቺ አንቀጽ ዛሬውኑ ብትታረም ደስ ይለኛል።

ባሕር ዳር ግን ሌላ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሲነሳ የእርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። ሊመለሱ ሲሞክሩ ሁለቱም ሞተሮች ከዱ፣ ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈ። ከ104 ሰው 35 ሞተ። ጸሐፊው ይህን ለአንድ ሞተር ብልሽት ምስክር ማድረጉ ነው ስህተቱ። ሁለት ሞተር ሲጠፋ ጨዋታው ይቀየራል። ያኔ መቸኮል ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኒውዮርክ ሃድሰን ወንዝ ላይ ያረፈው ካፒቴን ሱለንበርገር የዝይ መንጋ ሁለቱንም ሞተሮች እንደነሳው የቼክሊስቱን ተራ ሳይጠብቅ ጅራቱ ጋ ያለችውን ትንሿን ረዳት ሞተር አስነሳ። 155ቱም ተረፉ። አያችሁ፣ ዝግታው ጣዖት አይደለም፤ ጊዜ ሲኖር ጊዜው ይሠራበታል፣ ሳይኖር የለም።

ለወፍ ችግር መላው ሞተሩን መውቀስ ሳይሆን ማረፊያው አካባቢ ቆሻሻ አለመጣልና ወፍ የሚስበውን ማራቅ ነው። ጸሐፊው ስለዚህ አንድ መስመር አልጻፈም።

ስለ ዝምታው

እዚህ ላይ በከፊል ትክክል ነው። አንድ ጊዜ በሌላ አገር አየር መንገድ ስጓዝ ተነስተን ብዙም ሳንቆይ ተመለስን፣ ምክንያቱን የነገረን ሰው አልነበረም። ሆስተሷ ፈገግ ብላ አለፈች። አጠገቤ የነበሩ እናት መቁጠሪያቸውን አውጥተው ነበር። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ፓይለቱ ማይክ እንዲያነሳ አልጠብቅም፣ ሥራ ላይ ነው፤ አሥር ደቂቃ ካለፈ በኋላ ግን ሰበብ የለም።

ጸሐፊው የረሳው ሌላው ወገን ነው፤ ከተሳፋሪ ወደ ኮክፒት የሚሄደው ወሬ። ወደ ኬግዎርዝ ልመልሳችሁ። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ የቀኙ ሞተር ችግር እንዳለበት ተናገረ። ተሳፋሪዎችና የካቢን ሠራተኞች ግን በመስኮት ያዩት እሳት በግራ ነበር። ግራ ተጋቡ፣ ነገር ግን አንድም ሰው ወደ ፊት ሄዶ አልተናገረም። ካፒቴን ተሳሳትክ ይባላል እንዴ? እንግሊዞቹ እንዲህ ካደረጉ እኛ ከነይሉኝታችን ምን እንደምንሆን አስቡት። «እነሱ ያውቃሉ» ብለን ነው የምንቀመጠው። ፓይለቱ ደግሞ ከወንበሩ ሆኖ ሞተሩን አያየውም፤ የሚያየው መለኪያውን ነው።

ስለዚህ በመስኮት እሳት ወይም የተሰበረ ነገር ካያችሁ የጥሪውን ቁልፍ ተጫኑ። ሆስተሷ ካልመጣች በድምፅ ጥሩ። ፊታችሁን ወደ ኮክፒቱ አድርጋችሁ ስትቀመጡ በግራ ነው ወይስ በቀኝ፣ ስንተኛው ረድፍ ላይ ናችሁ፣ ነበልባል ነው ወይስ ጭስ። ቪዲዮውን ከዚያ በኋላ ቅረጹት።